የብልጭታዎቹ ሽማግሌ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ! ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም ሸክላም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዲት ገል በቆሻሻ ክምር ላይ ትኖር ነበር።

በዚያ አገር ብልጭታዎች፣ የመብረቅ ልጆች፣ የሚመላለሱት በመዳብ ሆድ ውስጥ ነው። እየተጋፉ፣ እየተላተሙ፣ በላብ እየተጠመቁ ይሄዳሉ። በገሏ በኩል ግን ዝር አይሉም።

«አንቺ የድስት ስባሪ፣ ደግሞ ባንቺ ማን ያልፋል?» እያለ መዳብ ይስቅባታል። እሷም ታፍራለች።

አንድ ቀን ብርድ ከተራራ ወርዶ አቀፋት። ወዲያው ብልጭታዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እንደ ባልና ሚስት ተያይዘው፣ ማንንም ሳይነኩ በውስጧ ሽው አሉ። ገሏ በደስታ ልትሰነጠቅ ደረሰች።

ወሬው አያ አንበሶ ጆሮ ገባ። «ሸክላ እንዲህ ካደረገች ምትሃት ነው!» ብሎ ተቆጣ። «እነዚህን ያጋባ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ካልተነገረኝ ገሏ ትፈጭ!»

ገሏ ክው አለች። ሊቃውንቱ ተጠሩ።

እመት ጦጢት ቀድማ ተነሳች። «ሽማግሌው የገሏ ወለል ነው! ባል ሲረግጠው ይሰረጉዳል፤ ሚስት ተንሸራታ እላዩ ላይ ትወድቃለች።»

«ወለል ይህን ያህል አቅም የለውም» አለ ኤሊ። «ሽማግሌዎቹ በገሏ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩት ጎረቤቶች ናቸው። አንዱ ወደ ላይ ሲያይ ሌላው ወደ ታች ያያል፤ ተኳርፈዋል። በነሱ ኩርፊያ መሀል ብቻን መሄድ ያስፈራል፤ ለዚህ ተጣመሩ።»

አያ ጅቦ ሳቀ። «የምን ሽማግሌ! ድሮም በድብቅ ተጋብተዋል። ብርድ የደገሰው ሰርጉን ብቻ ነው።»

«ውሸታም!» አለችው ጦጢት።

«ውሸታምስ አንቺ!»

ጭቅጭቁ ጦፈ። ትንፋሻቸው ገሏን አሞቃት። ብርድም «እኔ ጩኸት አልወድም» ብሎ ወደ ተራራው ወጣ። ባልና ሚስቶቹ እዚያው ተፋቱና እርስ በርስ መላተም ጀመሩ።

«በሉ ወፍጮው ይምጣ!» አለ አንበሳ።

ገሏ አለቀሰች። «ጌታዬ፣ እነዚህ ስለኔ አወሩ እንጂ እኔን አላዩኝም። አፋቸውን ያስዘጉልኝ፤ ብርድ ይመለስልኝ። ከዚያ ሙሽሮቹን ራሳቸውን ይጠይቁ።»

ሊቃውንቱ በግድ ዝም አሉ። ብርድ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሙሽሮቹም ሁለት ሁለት ሆነው መጡ። አንበሳ ጎንበስ ብሎ «እናንተ! ሽማግሌያችሁ ማን ነው?» ሲል፣

«ሽማግሌያችንማ…» አሉና አለፉ። የሚያቆማቸው ነገር የለማ! ተከታዮቹም «ሽማግሌያችንማ…» ሽው! ሌሎቹም ሽው!

አንበሳ እስኪያነባ ሳቀ። «ይህቺንስ አልፈጭም» አለ። መዳብ ብቻ አልሳቀም።

ሊቃውንቱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ፣ ገሏ እንዳትሞቅ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

ዳቦዬን አቆዩልኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚያውቁት አይቆሙም፣ የቆሙት አያውቁም።