ሽማግሌዎቹና ሁለቱ ጌሞች

ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን ሁለት ጌም የት ይደበቃል?

እማማ ትጓደድ እሑድ ከነጋ ጀምሮ ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ መልሱን አጡት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንዳይሉ ቁልፉ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። ዱቄት ዕቃ ውስጥ እንዳይከቱት የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ቢቀጣጠልስ? ትራስ ሥር እንዳያደርጉት ደግሞ ልጆቹ መጀመሪያ የሚፈትሹት ትራስ ነው።

በደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር፣ የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ በማያገባው ነገር አንገቱን የሚገትር ሰው ሲገኝ፣ ሰዉ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። እንዲያው ከአፍ አምልጣ የወጣች የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለችም። መነሻ አላት፤ መነሻዋም የእማማ ትጓደድ ሳሎን ነው። በነፃ የተገኘችም አይደለች፤ መክሊት አምስት ወር ከፍላባታለች።

መክሊት የእማማ ትጓደድ ትልቋ የልጅ ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እሷንና አሥር ዓመት የሆናቸውን መንትያ እህቶቿን፣ አርሴማንና ሶስናን፣ የያዟቸው አያታቸው ናቸው። አባታቸው ሥዩም ጂንካ ወዲያ መንገድ ሥራ ላይ ነው። መክሊትን ሊያገባ የሚፈልገው አንዷለም የሚባል የከብት ሐኪም ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ጉድለት ቢኖርበት ዘመዶቹ ቀጠሮ አያከብሩም። «ሽማግሌ እንልካለን» ሲሉ ሁለት ጥር አለፈ። በዚህ የተነሣ ሥዩም አንጀቱ አርሮ፣ ባለፈው ሳምንት በስልክ ቁርጡን ተናገረ።

«እማዬ፣ እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ጠይቀው ከሆነ እግዜር ይባርክ፣ በጥር ይደገስ። ካልጠየቁ ግን እየቀለዱብን ነው። እስከ ፋሲካ ማዶ ስማቸውን እንዳትጠሩብኝ!»

ሥዩም ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው።

ጌሞቹን፣ የመንትዮቹን የእጅ መጫወቻዎች፣ የላከውም ራሱ ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ፈልጎ ቢያጣ የተለያዩ ገዛ፤ መዘዙም ከዚያ ተነሣ። ለአርሴማ የደረሳት ሰፊ መስታወት ያለው፣ መኪና የሚያሽቀዳድም፣ ኳስ የሚያጫውት ትልቁ ነው። ለሶስና የደረሳት ከመዳፍ የማታልፍ፣ ድንቡሽ ያለች፣ ውስጧ አራት መቶ ጨዋታ የያዘች ትንሿ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት «የኔ ይበልጣል»፣ «የኔ ይበልጣል» ያልተባለበት አንድ ቀን የለም። እማማ ትጓደድ ስድስተኛ ክፍል የጨረሱ፣ ጋዜጣም የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ጌም ዓይን እንደሚያፈዝ ያነበቡት አለ። ስለ አውራ ጣት ግን የጻፈ ሰው አላገኙም፤ ሶስና ተኝታ እንኳ አውራ ጣቷ ሲንቀሳቀስ አይተው ማርያም ማርያም ብለዋል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሶስና ጠየቀች።

«እማማ፣ ሽማግሌ ሥራው ምንድን ነው?»

«የተጣላ ያስታርቃል፤ 'የኔ ይበልጣል፣ ያንቺ ያንሳል' የሚለውን ይዳኛል። በይ ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ!»

መንትዮቹ ተያዩ። እማማ ትጓደድ ያንን መተያየት ቢያዩት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ግን መደበቂያ ፍለጋ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ሁለቱንም ጌም ከትልቁ ሶፋ መቀመጫ ሥር ሸጎጧቸው። የራሳቸው ስሌት ነበራቸው፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ተናግሮ ከተቀመጠ ወዲያ ከሥሩ ጌም ቢወጣ እባብ ቢወጣ ነገሩ አልቋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት አውራሪው የአንዷለም አጎት ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ። ሁለተኛው በግ ነጋዴው አቶ ሽብሩ ናቸው፤ የበግ ወገብ አንዴ ጨብጠው ሥጋውን በኪሎ የሚናገሩ። ሦስተኛው ቄስ ላቀው ናቸው። ሦስቱም ነጫጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በደንቡ መሠረት፣ በሩ ሥር ተደርድረው ቆሙ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ ትጓደድ፣ ዛሬ እዚህ ደጅ የቆምንበት ጉዳይ...»

በዚህ ጊዜ የአቶ ሽብሩ ጉልበት «ቋ!» አለ።

«ውይ!» አሉ እማማ ትጓደድ። «በሞቴ ተቀመጥ ሽብሩ!»

«ኧረ ግድ የለም፣ ጉዳያችንን...»

«የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት ይገባል እኮ! ነገ ጉልበትህ ቢያዝ ሚስትህን ምን ብዬ ነው ቀና ብዬ የማያት? በሞቴ! በመቃብሬ!»

በቁም ሰው መቃብር ተምሎ የሚቆም ሽማግሌ የለም። ሦስቱም ጉዳያቸውን እንዳንጠለጠሉ ተቀመጡ። እማማ ትጓደድ ያደረጉት ነገር የገባቸው አቶ ሽብሩ ወደ ትልቁ ሶፋ ዝቅ ሲሉ ነው፤ ያኔ ግን ረፍዶ ነበር። ከሥራቸው «ቲሪሪሪ ቲንግ!» የሚል ሙዚቃ ፈነዳ። አቶ ሽብሩ ያንን የታመመ ጉልበት ረስተው እንደ ጠቦት ዘለሉ።

«ተገኘ!» እያሉ መንትዮቹ ከመጋረጃው ጀርባ ወጡ፤ ጌም ጌማቸውንም አነሡ። ሶስና ሁለት እጇን አጣምራ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ እንኳን መጣችሁልን። ዳኙን። የማን ይበልጣል?»

«ሂዱ ከዚህ! ውጡ!» አሉ እማማ ትጓደድ።

«ተይ እትዬ ትጓደድ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ እየሳቁ። «ዳኙን ያለን ልጅ አናባርርም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እስቲ ንገሩን።»

አርሴማ ቀደመች። «የኔ መስታወቱ ሰፊ ነው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ መኪናው እንደ እውነተኛ ነው!»

«የሷ ቻርጅ ሳይሞላ ያልቃል!» አለች ሶስና። «የኔ ሁለት ቀን ይቆያል። ከደረጃ ሁለቴ ወድቃለች፣ ምንም አልሆነችም። አራት መቶ ጨዋታም አላት!»

«አራት መቶ ትላለች፤ ሦስት መቶው ስሙ ተቀያይሮ ያው ነው!»

አቶ ሽብሩ እጃቸውን ዘረጉ። ትልቁን በቀኝ፣ ትንሿን በግራ ያዙና እንደ በግ ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አደረጓቸው። ገልብጠው ቁልፎቹን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ጥርስ ማየታቸው ነበር።

«ይሄ ትልቁ ፀጉር ነው እንጂ ሥጋ የለውም» ብለው ፈረዱ። «ትንሿን ግን እዩዋት፣ ጭብጥ ያለች! ጥርሷም አልተነካ። እኔ ብሆን እሷን ነው የምይዘው።»

«ፀጉር ነው?» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ ትልቁን እየተቀበሉ። «እቃ በጭብጥ ይገዛል እንዴ? ነድተህ ነው እንጂ! ነይ ልጄ፣ መሪው የት ነው?»

«አውራ ጣትዎ ነው አባባ።»

«ፍሬኑስ?»

«ፍሬን አያስፈልግም፣ ውድድር ነው።»

«በዕድሜዬ ፍሬን የሌለው መኪና ነድቼ አላውቅም!»

«ጣርማ በር ላይ የገለበጥከው ታዲያ ምን ነበር?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«ጭጋግ ነበር ብያለሁ!»

ሁለት ደቂቃ የተባለው ሃያ ሆነ፤ ሃያው አንድ ሰዓት ሆነ። ጋሽ ወንዳፍራሽ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከነጋቢያቸው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ግራ ይጋደማሉ። አቶ ሽብሩ ደግሞ ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን እየደረደሩ፣ አንዱ በተንጋደደ ቁጥር «ኧረ አንተ ግንበኛ! ኧረ አንተ ግንበኛ!» ይላሉ። ቄስ ላቀው አንዴ «ወንድሞቼ፣ የመጣንበት...» ብለው ጀምረው ነበር። አርሴማ ወረቀትና እርሳስ አስያዘቻቸው።

«አባ፣ እርስዎ ውጤት ይያዙ። በአድልዎ እንዳይሆን።»

በአድልዎ እንዳይሆን የተባለ ቄስ ምን ይላል? መጻፍ ጀመሩ። ጥቂት ቆይተውም «እስቲ አንዴ አሳየኝ ሽብሩ» ሲሉ ተሰሙ።

እማማ ትጓደድ የተቀመጡበት ወንበር እሾህ ሆነባቸው። ራሳቸው ነገሩን እንዳያነሡ እናታቸው ያስተማሯቸው ደንብ አለ፤ የሴት ወገን ጠይቁኝ አይልም። ካለ፣ ልጅቷ የሆነ ነገር ሆናለች ተብሎ እስከ አንኮበር ይወራል። ስለዚህ በዙሪያው መዞር ያዙ።

«የዘንድሮ ጥር እንዴት ይሆን?» አሉ።

«ጥር መንገዱ ደረቅ ነው፣ አያሳስብም» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«ልጆች መቼም ያድጋሉ... ከቤትም ይወጣሉ...»

«ይውጡ፣ ይውጡ፣ ፀሐይ ይሙቁ» አሉ አቶ ሽብሩ። «ሶስና ትቅር ብቻ፣ ይሄን ረጅሙን ጡብ የት እንደማገባው ታሳየኝ።»

የመጨረሻው ተስፋ መክሊት ነበረች። ጓዳ ገብተው ሻይና ቆሎ አስይዘው ላኳት፤ ልጅቷ ከፊታቸው ከቆመች ጉዳዩ ትዝ ይላቸዋል ብለው። መክሊት አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ጋሽ ወንዳፍራሽ ፊት ቆመች።

«አስቀምጪው ልጄ፣ ኩርባ ላይ ነኝ» አሏት።

መክሊት አስቀመጠችው። ወደ ጓዳ ስትመለስ አያቷን አየቻቸው፤ እማማ ትጓደድ ያንን አስተያየት መቻል አቅቷቸው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ሰዓት አዞሩ። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ይላል። ዛሬ ካልተጠየቀ ጥር ያልፋል፤ ጥር ካለፈ ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ... ሥዩምን ደግሞ ወለዱት እንጂ አንድ ቀን ቃሉን አስለውጠውት አያውቁም።

በዚህ መካከል ቄስ ላቀው ውጤቱን አነበቡ። «ሽብሩ አርባ ሁለት ረድፍ፣ ወንዳፍራሽ አምስት ጊዜ አንደኛ።»

«ታዲያ የኔ ይበልጣል!» አሉ አቶ ሽብሩ።

«በምን ሒሳብ? ጡብ መደርደርና አምስት ጊዜ አንደኛ መውጣት አንድ ነው?»

«አንተ የያዝከው ቀላሉን ነው፤ መኪናው ራሱን ይነዳል!»

«ራሱን ይነዳል? ና እስቲ ንዳው! በግ እንጂ መሪ ይዘህ ታውቃለህ? በግም ቢሆን አውቀነዋል፤ አምና ለፋሲካ 'ጠቦት ነው' ብለህ ያመጣህልኝ በግ አያት ነበር! እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ተቀቅሎ አልበሰለም!»

«እንጨት ቆጥበህ ነዋ!»

«እኔ? እኔ ነኝ እንጨት የምቆጥበው?»

ስልኩ ጮኸ። እማማ ትጓደድ ሳይደርሱ አርሴማ አንሥታ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የሥዩም ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«እማዬ፣ እንዴት ዋላችሁ? መጡ?»

«መጥተዋል ልጄ፣ እዚሁ ተቀምጠዋል።»

«እግዜር ይመስገን! ጠየቁ?»

እማማ ትጓደድ ጠይቀዋል እንዳይሉ ፊታቸው ቄስ ተቀምጧል። አልጠየቁም ካሉ የመክሊት ነገር አበቃ። ወደ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አወራጩ፣ በዓይናቸው ለመኑ፣ ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉ። «አሁን... አሁን ሊናገሩ ነው! ይኸው ጋሽ ወንዳፍራሽ ሊናገሩ ነው!»

«ቆይ ቆይ፣ ስድስተኛው ዙር ነው!» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ምኑ ነው ስድስተኛው ዙር?» አለ ሥዩም።

«አትስማው፣ ሊወድቅ ነው!» ብለው አቶ ሽብሩ የጋሽ ወንዳፍራሽን ክርን መቱ። «ያው ጣርማ በር!»

«ገፋኸኝ! ቄስ ላቀው ይመስክሩ፣ ገፋኝ! አንተ በግ ሌባ!»

«በግ ሌባ? እኔን? ጋቢዬን ይያዙልኝ አባ!»

ሁለቱም ከሶፋው ተነሡ፤ ሻዩ ተደፋ፣ ቆሎው ምንጣፉ ላይ ተበተነ። በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ሽማግሌዎች ቆሙ፤ የቆሙት ግን ለመደባደብ ነበር።

«ገባኝ እማዬ» አለ ሥዩም ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። «ከፋሲካ ማዶ እንነጋገራለን።» ተዘጋ።

ያኔ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። መክሊት ካፖርቷን ደርባ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ወጣች። ከጋሽ ወንዳፍራሽ እጅ ትልቁን፣ ከአቶ ሽብሩ እጅ ትንሿን ተራ በተራ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መንትዮቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። የተበተነውን ቆሎ ረግጣ አለፈች፣ በሩን ከፈተች፣ ወጥታም ሄደች።

የውጪው ብርድ ገባ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ባዶ እጃቸውን፣ ከዚያ በሩን አዩ።

«ይህቺ ልጅ ማን ናት?» አሉ። «ስድስተኛዬን ይዛብኝ ሄደች እኮ!»

ቄስ ላቀው እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰኩ፤ ውጤት የጻፉበትን ወረቀትም አጥፈው አጥፈው የጥፍር ያህል አሳነሱት።

«የመጣንላት ልጅ ናት» አሉ። «እንግዲህ ወንድሞቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስማችን ይኸው ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ፣ በጌም ተጣልቶ።»