ዘጠና ላይ የቀረው ድፎ

ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር፣ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም» ብሎ አፉን ሲያጣምም አንዲት አባባል እንመዝለታለን። እንግዳው ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል፤ ለምን እንደምንስቅ ግን አይገባውም። ሳቁ ያለው ከአባባሉ ታሪክ ነው። ታሪኩን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም፤ የድስቱን ክዳን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩና።

ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ ሙያዋ የማይታማ ሴት ናት፤ ከድፎ ዳቦ በቀር። በበኩር ልጇ ሠርግ ላይ ድፎው በአባቶች ፊት ሲቆረስ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጀርባዋ «እትዬ ሊጥ» ስትባል ኖረች። ሁለተኛዋ ልጇ ትርሲት ድሬዳዋ ስትሠራ ናሆም ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደደች፤ የናሆም ቤተሰብ ለትውውቅ የሚመጣበት ቀን ሲቆረጥ እናትየዋ እንቅልፍ አጣች። «ይኼም ድፎ ከተበላሸብኝ ልጄን በምን ዓይኔ እድራታለሁ?» ትለኝ ነበር።

ወሬው ድሬዳዋ ደረሰ። የናሆም አባት አቶ ሙሉሸት የቤት ዕቃ መደብር አላቸው፤ ለተቸገረ ሰው ዕቃ መምረጥ ደግሞ ነፍሳቸው ነው። ሰዓት የመሰለውን ባለ መርፌ የሙቀት መለኪያ ትተው፣ የእትዬ ዘርፌ ዓይን ደከም ያለ መሆኑን ስለሰሙ፣ ቁጥሩ ጎላ ብሎ የሚታይ ዲጂታል ቴርሞሜትር ላኩላት። በስልክም አስጠነቀቁ፦

«ወይዘሮ ዘርፌ፣ ዘንጉን እስከ ዳቦው መሃል ይስደዱት። ድስቱን ግን እንዳይነካ፤ ከነካ የሚነግርዎት የድስቱን ሙቀት ነው። ዘጠና አምስት ሲል በስሏል። እኔ በፈላ ውሃ ፈትኜዋለሁ፣ ዘጠና ስድስት ብሏል። የማይዋሽ ዕቃ ነው!»

በትውውቁ ዕለት ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ብረት ድስት ውስጥ ገባ፤ ከታች ፍም፣ ከላይ ፍም። ቆየት ብለን ዘንጉን ሰካነው። ስልሳ። ሰባ ሁለት። ሰማንያ አምስት። እትዬ ዘርፌ በየቁጥሩ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠና። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እንደ ሰነፍ አህያ ቆመ።

ጠበቅን። ንቅንቅ የለም። ዱሮ እንደምናደርገው ስንደዶ ሰክቼ አወጣሁ፤ ደረቅ ነው፣ ሊጥ አልያዘም።

«እትዬ፣ በስሏል፤ ይውጣ።»

«አምስት ይቀረዋል።»

«ኧረ ማረር ማረር እየሸተተ ነው!»

«ያንቺ አፍንጫ ቁጥር ያውቃል? ፍም ጨምሪ!»

ጨመርኩ። ምን ላድርግ?

እንግዶቹ ከጭሱ ጋር እኩል ደረሱ። ድፎው ሲወጣ ጀርባው ከሰል መስሏል። እትዬ ዘርፌ እንግዶቿን ስማ አስቀመጠችና ዕቃውን ልትፈትን ውሃ ጣደች። ክዳኑ እስኪዘል ድረስ ፈላ። ቴርሞሜትሩን ነከረችው። ዘጠና።

«አቶ ሙሉሸት፣ በፈላ ውሃ ዘጠና ስድስት ብሏል አላሉኝም?»

«ብያለሁ። በዓይኔ አይቼ ነው።»

«ይኸው ይዩ! የተበላሸ ዕቃ ከመደብርዎ ጥግ አንስተው ላኩልኝ። ለእኔ እንዲህ የሆነ ሰው ነገ ለልጄ ምን ሊሆን ነው?»

የአቶ ሙሉሸት ፊት ጠቆረ። ከኮታቸው ኪስ የዚያኑ መንትያ ቴርሞሜትር አወጡ፤ ለራሳቸው የገዙትን ሊያሳዩን ይዘውት መጥተው ኖሯል። «ትናንት ጠዋት ቤቴ ውስጥ ዘጠና ስድስት ያለው ይኸው ነው» ብለው እዚያው ድስት ውስጥ ነከሩት። ዘጠና። አራገፉት፣ በመሐረብ ጠረጉት፣ ደግመው ነከሩት። ዘጠና።

ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም። «ወይዘሮ ዘርፌ፣ ውሃዎ አልፈላም!» አሉ።

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። «ሠላሳ ዓመት ቤት አስተዳድሬ፣ ውሃ ማፍላት አታውቅም ልባል?» አለች እትዬ ዘርፌ መቀነቷን ጠበቅ እያደረገች። አቶ ሙሉሸትም «ናሆም፣ ተነስ፤ እንሂድ!» አሉ። ናሆም ግማሽ ተነሳ፣ ግማሽ ተቀመጠ። ትርሲት አዲሱን ቀሚሷን እንደለበሰች በሩን ተደግፋ ታለቅሳለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሁለት ልጆች ጋብቻ በስድስት ቁጥር ሊፈርስ ነው።

ከጥግ በኩል ሳቅ ተሰማ። የሚስቁት የሰፈራችን ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ ድንቁ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ለጦር ሠራዊት ምግብ ሲያበስሉ ነው።

«ምን ያስቅዎታል?» አለች እትዬ ዘርፌ።

«ለዚህች ነገር እኔ ታስሬያለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ቀይ ባሕር ዳር ሳለን ባቄላ ጥጄ ሽንኩርቱን ልጬ ሳልጨርስ ይበስልልኝ ነበር። ኋላ ወደ መንዝ፣ ወደ መሃል ሜዳ ተዛወርን። ያው ባቄላ፣ ያው ድስት፣ ያው ድንቁ! ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን እስኪመሽ ጠጠር ነው። አዛዡ ‹ማገዶውን ሸጠኸዋል› ብሎ ሦስት ቀን አሰረኝ። ያስፈታኝ የጦሩ ሐኪም ነው። ‹ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውም ብዙ ሳይግል ይፈላል። ሰውዬው ምን ያድርግ?› ብሎ መሰከረልኝ። ድሬዳዋ ቆላ ነው፤ እኛ ደጋ ነን። እዚያ ዘጠና ስድስት፣ እዚህ ዘጠና። ዕቃውም አልዋሸ፣ እናንተም አልዋሻችሁ። የዳቦ መሃል ደግሞ ከፈላ ውሃ በላይ አይግልም። ዘርፌ፣ ዘጠና አምስትን እዚህ ብትጠብቂው ለፋሲካም አይደርስልሽ! ይልቅ ቁረሱት።»

ያረረውን በቢላዋ ፍቀን ፍቀን ድፎው ተቆረሰ። ቤቱ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። መሃሉ ነጭ ነው፤ እንፋሎቱ ይወጣል፤ የሊጥ ዘር የለበትም! እትዬ ዘርፌ በጣቷ ጫን አደረገችው፤ መልሶ ተነሳ። እልልታዋን ያን ዕለት ያልሰማ ጎረቤት የለም። እኔም አብሬያት አቀለጥኩት፤ ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

አቶ ሙሉሸት ሦስት ቁራጭ በልተው አፋቸውን ጠረጉና «ወይዘሮ ዘርፌ፣ ይቅርታዎን፤ ውሃዎ ፈልቷል» አሉ።

«ዕቃዎም ደህና ነው» አለች እሷ። ትርሲት ዕንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ናሆምም በሙሉ ቂጡ ተቀመጠ።

ታዲያ ሰላም ወረደ ብለን ሳንጨርስ የሠርጉ ነገር ተነሳ። «በእኛ በድሬዳዋ ሠርግ የሚደገሰው ማታ፣ ሙቀቱ በርዶ ነፋሱ ሲነሳ ነው» አሉ አቶ ሙሉሸት። «ማታ? እዚህ ማታ ሰዉ በብርድ ይለቅልኝ? ሠርግ በቀትር ነው!» አለች እትዬ ዘርፌ፤ እጇም ወደ መቀነቷ ሄደ።

ሃምሳ አለቃ ድንቁ የጎረሱትን እንኳ ሳይውጡ የያዙትን ቁራሽ ከፍ አድርገው «እዚያ በማታ ደግሱ፣ እዚህ በቀትር ደግሱ፤ ልጆቼ፣ ውሃም እንደ አገሩ ይፈላል» አሉ።