የጠጂቱ ዶሮ ምን ነካት?

በእኛ አገር፣ ሰው ሳያጣራ ሲፈርድ የምትወረወርበት አንዲት ምሳሌ አለች። ምሳሌዋን የማያውቅ የለም። ከየት መጣች ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ትከሻውን ከመነቅነቅ በቀር የሚመልስላችሁ አታገኙም። «ተረት ነዋ! ተረት ምን መነሻ አለው?» ይሏችኋል። እኔን ደግሞ እንዲህ ያለ መልስ ያበሽቀኛል። ዝም ብሎ ከመሬት የበቀለ ምሳሌ የለም። አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ጉድ ሠርቶ ነው የሚተረትበት። ስለዚህ ጠየቅሁ፤ ሰው እስኪሰለቸኝ ጠየቅሁ፤ በመጨረሻ ነገሩን ልጃገረድ ሳለች አጥር ሥር ቆማ ያየችው አክስቴ ይታይሽ ነገረችኝ። ውሸት ነው ካላችሁ እሷን ተከራከሯት። የምታውቋት ግን አትሞክሩትም።

ጎርፎ በምትባል ጎጥ ጠጂቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በሬ የላት፣ ላም የላት። መሬቷን የእኩል ታሳርሳለች፤ ጨው፣ ጋዝ፣ የልጆቿ ልብስ፣ ምኑም ምኑም የሚመጣው ግን ከዶሮዎቿ ነው። «ጠጂቱ ከዶሮዎቿ ሌላ ምን አላት?» ይሏት ነበር፤ እውነትም ሌላ ምንም የላት። ከዶሮዎቹም ዋናዋ ገብስማዋ ናት። ታቅፋ እንቁላል የማታበላሽ፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ከሥሯ ሰብስባ ራሷ ፊት ለፊት የምትጋፈጥ እናት ነበረች።

ያን ሰሞን ገብስማ ጓዳ ውስጥ ባለው አሮጌ ቅርጫት እንደ ልማዷ ታቅፋለች። ጠጂቱ ስለምትወዳት፣ ወርዳ እንዳትንከራተት ብላ እህሉንም ውሃውንም አፏ ሥር አቀረበችላት። «አንቺ ብቻ እንቁላሎችሽን አሙቂ፤ ሌላው የእኔ ነው» ትላታለች፣ አራስ የምትጠይቅ ይመስል። ጠዋት ጠዋት ገብሱን ቆልታ ሁሉ ትሰጣት ነበር አሉ። ዶሮ ቆሎ ትመርጣለች ያላት ማን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ቀን ጠጂቱ ወደ ጓዳ ብትገባ፣ ገብስማ ከቅርጫቱ ወርዳ፣ ላባዋ ተንጨባሮ ቆማለች። ዓይኗን ትከድናለች፣ ትገልጣለች። እንደ በርበሬ ይቀላ የነበረው የራሷ ጉትዬ ገርጥቶ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። እህሉ አልተነካም።

ጠጂቱ ደነገጠች፤ ከመደንገጧ በላይ ደግሞ ግራ ገባት። የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትወርዳለች? እንቁላሉ ገምቶ ይሆን? አንዱን አንስታ በበሩ በኩል በሚገባው ፀሐይ አየችው። ውስጡ ጥቁር ነገር ይላወሳል፤ ነፍስ አለው። እባብ ገብቶ አስደንግጧት ይሆን? የእባብ ምልክት የለም። ኩሷን አየች፤ አልቀጠነም፣ መልኩንም አልለወጠም። ወደ ጓሮ ወጥታ ሌሎቹን ተመለከተች። እንደ ልማዳቸው ይጭራሉ፣ ይጣላሉ፤ አውራው አጥር ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ተመልሳ ገባችና ከዶሮዋ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «ታዲያ አንቺን ብቻሽን ምን ነካሽ?» አለቻት።

ያላደረገችው አንድ ነገር ነው፤ አልዳሰሰቻትም። በጎርፎ የታቀፈች ዶሮ አትነካም። የሰው እጅ ካረፈባት እንቁላሏን እርግፍ አድርጋ ትተዋለች ይባላል። እንዲህ ሲባል ስትሰማ ያደገች ሴት፣ ዶሮዋ ብትሞትም ከሩቅ ሆና ነው የምታለቅስላት።

እንዲህ እያሰላሰለች ሳለ እንግዳ መጣ። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከወንዙ ማዶ ይኖራል፤ አያ ሞገሴ ይሉታል። አያ ሞገሴ የማያውቀው ነገር የለም። በሬ ለምን እንዳነከሰ ያውቃል፣ ዝናብ ለምን እንደዘገየ ያውቃል፤ የጠየቀው ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ እሱ መልሱን ይጨርሳል። ዶሮ ወጥም ይወዳል። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው።

«ቤቶች! እንዴት ሰነበታችሁ?» ብሎ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጭ እንዳደረገ፣ በጓዳው በር አሻግሮ ገብስማን አያት። እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«እግዚኦ! ጠጂቱ፣ ይቺን ዶሮ ፈንግል ይዟታል!»

ፈንግል የዶሮ መቅሰፍት ነው። ማታ ደህና ሆኖ ቆጥ ላይ የወጣውን ዶሮ ጠዋት ሬሳውን ያስለቅማል፤ አንዱን ቤት ጨርሶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ጎርፎዎች ክፉኛ ስለፈጃቸው ሕግ አውጥተው ነበር። ፈንግል የገባበት ቤት ዶሮ፣ የታመመውም ያልታመመውም፣ በዚያው ዕለት ይታረዳል። ይግባኝ የለውም።

ጠጂቱ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ስለ እግዚአብሔር አያ ሞገሴ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ! ፈንግልማ አንገት ይጠመዝዛል፣ ያስቀምጣል። እስቲ ጠጋ ብለው ይዩዋት።»

«ምን ልጠጋ? እኔ ፈንግልን ከሩቅ ነው የማውቀው! ላባዋን አታዪም? ቆማ እያንቀላፋች እኮ ነው። በይ፣ ሳትሞት ቢላ ይድረስላት። ወንድ የሌለበት ቤት ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ ማረዱን እኔ አለሁልሽ። አንቺ ሽንኩርቱን ክተፊ።»

በአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ አንጓች ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ጆሮዋ የገባችው አንዲት ቃል ናት፤ ፈንግል የምትለዋ። «ኧረ ጉዴ ፈላ!» ብላ ጎመኑን በትና ሮጠች። መጀመሪያ የጎጡ ሽማግሌ አባ ገላው ቤት ሄዳ ተናገረች። ከዚያ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ ወደ ቤቷ ስትከንፍ አክስቴ አይታታለች። ምን ልትሠራ እንደሆነ የጠየቃት ግን አልነበረም።

አባ ገላው ምርኩዛቸውን ይዘው ሲደርሱ፣ አያ ሞገሴ የታቀፈች ዶሮ አትነካም ሳይል ገብስማን አፈፍ አድርጎ፣ ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ብብቱ ሥር አጥብቆ ይዟታል። በሌላው እጁ ቢላ አለ። ጠጂቱ በሩ ላይ ቆማ መውጫ ከልክላው፣ እጆቿን ዘርግታ ታለቅሳለች።

«አባቴ፣ ይፍረዱኝ!» አለቻቸው። «ሕግ ሕግ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ፈንግል መሆኑን ማን አየ? የእኔን ዶሮዎች ሁሉ አርዳችሁ ልጆቼን በምን ላሳድራቸው ነው? እንቁላሎቹም ነፍስ ይዘዋል፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

አባ ገላው ተጨነቁ። ሴትዮዋ ታሳዝናለች፤ ፈንግል ከሆነና ዝም ካሉ ደግሞ የጎጡ ዶሮ ሁሉ ሊያልቅ ነው። ወደ እንግዳው ዞሩ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ፈንግል መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በምን አወቅህ ይባላል እንዴ አባቴ? ያየሁት ፈንግል ብዛቱ! አንደኛ፣ ላባዋ ተንጨባሯል» አለና አንገቱን አከክ አደረገ። «ሁለተኛ፣ ጉትዬዋ ገርጥቷል።» ቢላውን አስቀምጦ ብብቱን አከከ። «ሦስተኛ...» ሦስተኛውን ሳይናገር ጀርባውን ከምሰሶው ጋር ይፈትግ ጀመር።

«ሦስተኛውስ?» አሉ አባ ገላው።

«ሦስተኛው... ኧረ ይሄ ቤት ቁንጫ አለው እንዴ!»

ጠጂቱ እንባዋን ጠረገች። ቤቷ ሲሰደብ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። «ቁንጫስ የለኝም! ቤቴን ገና መለቅለቄ ነው። እኛ ስናክክ ያዩናል?»

እውነቷን ነው፤ ከአያ ሞገሴ በቀር የሚያክክ የለም። እሱ ግን አሁን በሁለት እጁ ሆኗል፤ ዶሮዋን በክርኑ ይዞ፣ በአንዱ እጅ አንገቱን፣ በሌላው ወገቡን ያክካል። አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይጎነበሳል። አክስቴ ከአጥሩ ሥር ሆና ሳቋን ለማፈን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ መጎሰሯን ነግራኛለች። አባ ገላው ግን አልሳቁም። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ቃኙት፣ ዶሮዋን አዩ፣ እንደገና ሰውየውን አዩ።

«ሞገሴ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ፈንግል ያሳክካል እንዴ?»

ጠጂቱ ይህን ስትሰማ እንባዋ ቀጥ አለ። «ዶሮዬን ይስጡኝ!» ብላ ገብስማን ከጋቢው ውስጥ መንጭቃ ወሰደቻት። የታቀፈች ዶሮ አትነካም የሚለውን ያን ጊዜ ማን ያስታውሰዋል? ደጅ አወጣቻት፣ ፀሐይ ላይ አደረገቻትና ክንፏን ገለጠች።

ክንፏ ሥር ቆዳ የሚባል አይታይም። ቅንቅን ነው! የፈሰሰ ጤፍ ይመስላል፣ ያውም የሚራመድ ጤፍ። የላባው ሥር ሥሩ ቅጫም ተጣብቆበት ነጭ ሆኗል። ሆዷን ገለጠች፤ ያው ነው። ጅራቷ ሥር ገለጠች፤ እዚያማ ጭራሽ ይብሳል።

«ቅንቅን ነው! አባ ገላው፣ ቅንቅን ነው እኮ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። በቅንቅን እልል ያለች ሴት ከጠጂቱ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

አባ ገላው ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ አዩና፣ «ደሟን መጥጠው ነው ያገረጧት፤ እንቁላሏንም ያስጣላት የእነሱ መብላት ነው» አሉ። ቀጥለው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቆይ እስቲ። ሌሎቹን ትቶ እሷን ብቻ የበላት ለምንድን ነው?»

ጠጂቱም ይኸው ጥያቄ ይከነክናት ነበርና ወደ ጓሮ ዞራ አየች። አንደኛዋ ቄብ አመድ መድፊያው ላይ ጉድጓድ ምሳ፣ በጎኗ ተኝታ፣ አመዱን በክንፏ ወደ ላይ እየበተነች ትታጠባለች። ዶሮ ገላዋን የምትታጠበው እንዲህ ነው። ገብስማ ግን እህሉም ውሃውም አፏ ሥር ስለቀረበላት፣ ከቅርጫቱ የምትወርድበት ጉዳይ አልነበራትም።

«ወይ እኔ!» አለች ጠጂቱ ደረቷን መትታ። «ለካ እኔ ነኝ ያሳመምኳት! እንዳትደክም ብዬ መታጠቢያዋን ከለከልኳት።»

ከዚያ በኋላማ ቤቱ ሥራ በሥራ ሆነ። እንቁላሎቹን እንዳይበርዳቸው በጨርቅ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ አኖረቻቸው። አሮጌውን ቅርጫት ከነገለባው አውጥታ እሳት ለቀቀችበት። የበረደ አመድ ነፍታ፣ የገብስማን ዓይንና አፍንጫ በመዳፏ ጋርዳ፣ ክንፏ ሥር፣ ሆዷ ሥር፣ ጅራቷ ሥር አሸችላት። ስትለቃት ጊዜ ገብስማ ራሷ አመዱ ውስጥ ወድቃ ትንከባለል ጀመር። ሥጋዋ ምን ያህል ሲበላት እንደከረመ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ጠጂቱ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ደፈነች፤ ሌላ ቅርጫት አምጥታ፣ ንጹሕ ገለባ ጎዝጉዛ፣ እንቁላሎቹን መለሰች።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። የሰው እጅ የነካት ዶሮ ወደ እንቁላሏ ትመለስ ይሆን? ጠጂቱ ትንፋሿን ውጣ ቆመች። ገብስማ ቅርጫቱን ዞረችው። አንገቷን አስግጋ አየች። እንደገና ዞረች። ከዚያ ዘላ ወጣችና፣ እንቁላሎቹን በአፏ አንድ በአንድ ወደ ሥሯ ሰብስባ ተደላድላ ተቀመጠች። ጠጂቱ ከደስታዋ የተነሣ የአባ ገላውን ጉልበት ሳመች።

አያ ሞገሴ ይህ ሁሉ ሲሆን ደጅ ቆሞ ጋቢውን ያራግፋል። «ቅንቅንም ቢሆን እኮ ሲቆይ ወደ ፈንግል ይለወጣል» አለ።

አንጓች የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። ላብ በላብ ሆናለች፤ ክንዷ ላይ እስከ ክርኗ ላባ ተለጥፏል፤ ፊቷ ግን በኩራት አብርቷል።

«እንኳንም በጊዜ ሰማሁ!» አለች ገና ሳትገባ። «እኔስ ቀደምኩት! ባሌን ከእርሻ አስጠርቼ ዶሮዎቼን አንድ ሳላስቀር አሳረድኳቸው። አውራውንም፣ እንቁላል ጣዮቹንም፣ ትንንሾቹንም። ፈንግል ቢመጣ ባዶ ቆጥ ነው የሚያገኘው! ያንቺስ ጠጂቱ? ስንቱ ሞተብሽ?»

ጠጂቱ አንገቷን ደፋች። ያ ሁሉ ደስታዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ፤ የጎረቤት ሀብት በከንቱ ሲያልቅ ደስታ ከየት ይመጣል? አንጓች አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ከዚያ ዓይኗ ጓዳ ውስጥ፣ ቅርጫት ላይ በተቀመጠችው ገብስማ ላይ አረፈ።

«ይቺ... አልሞተችም እንዴ? ፈንግሉስ?»

«ቅንቅን ነው አንጓችዬ» አለች ጠጂቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቅንቅን ነበር። ጫጩቶቹ ይፈልፈሉ ብቻ፤ እኩሌታው ያንቺ ነው።»

አንጓች እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። ላባ የተለጠፈበትን እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ «ታዲያ ፈንግል ነው ያለው ማነው? ማን አይቶ ነው የነገረኝ?» እያለች ጮኸች።

አያ ሞገሴ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ማንንም ሳይሰናበት የወንዙን መንገድ ይዟል። አባ ገላው አንዴ እሱን፣ አንዴ መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሴት ተመለከቱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦ «ምን ይደረጋል ልጄ፤ ክንፍ ሳይገልጡ፣ ፈንግል ብለው ሮጡ።»