የሽኮኮው ልጅና የአለቱ ራስ

የሽኮኮው ልጅ የለም፤ ንስር ወሰደው።

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ እየተጠራራ በሚኖርበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ አንድ ገደል ላይ ሽኮኮዎች ይኖሩ ነበር። ደንባቸው እንዲህ ነው፦ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ጤነኛው ከአለቱ ራስ ላይ ይወጣል፤ ያረጀና የታመመ ከዋሻው አፍ ይቀመጣል። ሰማይ የምትጠብቀው ዘበኛ "ንስር!" ብላ ስትጮኽ፣ ከዋሻው አፍ ላለ ለመግባት አንድ እርምጃ ይበቃዋል።

ከነሱ አንዱ አንድ ልጅ ነበረው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ትንፋሹ አጭር ነው። ጥቂት ሲሮጥ ደረቱ ይታፈናል።

"አባዬ፣ ከዋሻው አፍ ልቀመጥ? እዚያም ፀሐይ አለ" ይላል።

"እሱ የሽማግሌ ቦታ ነው። አንተ ትድናለህ።"

አባትየው መድኃኒት አውቃለሁ ወደምትል ጦጣ ሄደ። ጦጣዋ አጋም ትወዳለች፤ እሾሁን ትፈራለች።

"እመት ጦጢት፣ ልጄን አድኚልኝ።"

"አጋም አምጣ፣ ነገ ይድናል።"

እሾህ ውስጥ ገብቶ፣ ጆሮው ተቀዶ አመጣላት። በላችና የሚታኘክ ሥር ሰጠችው። ልጁ አኘከ፤ አልዳነም።

"እመት ጦጢት፣ ልጄ አልዳነም።"

"አጋም አምጣ፣ ነገ ይድናል።"

አመጣላት። የሚሸተት ቅጠል ሰጠችው። ልጁ አሸተተ፣ አነጠሰ፣ አልዳነም። እያሳለው ሳቀና፣ "አባዬ፣ እስካሁን የዳነው የሷ ረሃብ ብቻ ነው" አለ።

አባትየው አልሳቀም።

አሮጊቷ ዘበኛ ጠራችው። "ስማኝ ልጄ፤ ይኼ ሕመም አብሮት ተወልዷል፣ አብሮት ይኖራል። ቦታውን ስጠው፣ ልጅህም ይኖራል።"

"ልጄ ላይ አታሟርቺበት!" ብሏት ሄደ።

"እመት ጦጢት፣ ልጄ አልዳነም።"

ጦጢት ጭንቅላቷን አከከች። "የት ነው የሚውለው?"

"ከዋሻው ውስጥ። አንዳንዴ ሳላየው ከአፉ ላይ ይቀመጣል።"

"ታዲያ በሽታው ቤቱን ለምዶ የት ይሂድ! ከጤነኞቹ ጋር አለቱ ራስ ላይ አውጣው፤ መንገዱ ይጠፋበታል። አንተ ብቻ አጋም አምጣ፣ ነገ ይድናል።"

በማግስቱ ልጁን አዝሎ አለቱ ራስ ላይ አወጣው።

"አባዬ፣ ከዚህ እስከ ታች እኮ ሩቅ ነው።"

"ጤነኛ ይሮጠዋል።"

"እኔ ጤነኛ አይደለሁም። ካንተ በቀር ሁሉም ያውቃል።"

አባትየው ወደ አጋሙ ወረደ።

እሾህ ውስጥ ሳለ ዘበኛዋ ጮኸች። ሽኮኮ ሁሉ ሮጠ። በእሾሁ መሃል አየ፤ የሱም ልጅ እየሮጠ ነው። እኩሌታ መንገድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለመተንፈስ ነው የቆመው። ጥላው መጣ።

አባትየው የለቀመውን በአፉ እንደያዘ ጦጣዋ ዘንድ ደረሰ። አፉን ሲከፍት አጋሙ መሬት ላይ ፈሰሰ።

"እመት ጦጢት፣ ልጄን ንስር ወሰደው።"

"አይ አያ ሽኮኮ! ነገ ሊድን ነበር እኮ" አለችና አጋሙን እየለቀመች በላች።

እሱም ተመልሶ አለቱን እስከ እኩሌታ ወጣ። ያን ቀን መጨረሻ ያደረገው፣ ድንጋዩ ላይ የቀረውን የልጁን ጸጉር በምላሱ እየለቀመ መዋጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ገደል እንዲህ ይባላል፦ ሕመም ያልተቀበለ፣ ልጁን ለንስር አቀበለ።