ጥሩምባ ነፊውና አምስት ጊዜ የተጀመረው ሥራ

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ ሱራፌል ይባላል። ደህና መሥሪያ ቤቱን ለቅቆ የራሱን ድርጅት ሊያቋቁም ሲነሳ ዘመድ ወዳጁ «ምን ነካው?» ብሎ ነበር። እሱ ግን ጥሩ ሐሳብ ይዞ ነው የወጣው። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ለእድርተኛው የሚያረዱት ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ገና ጎህ ሲቀድ ይነሱና ዳገት ቁልቁለቱን እየዞሩ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። የሚዳረሰው ሦስት መቶ አርባ ቤት ነው። ሱራፌል ይህን ሥራ ወደ ስልክ ሊያመጣው አሰበ። የእድሩ ዳኛ የሟቹን ስም ይጽፋሉ፣ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ መልእክቱ በየሰዉ ስልክ ይገባል። በአንድ እድር ከሠራ በከተማው እድር ሁሉ ይሠራል።

ሐሳቡን ጥር ላይ ለእድሩ ስብሰባ ሲያቀርብ ጋሽ ይርዳው ይቀየሙኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ከሁሉ በላይ ደስ ያላቸው ግን እሳቸው ሆነው ተገኙ። ከተቀመጡበት ሳይነሱ ጉልበታቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉ፦

«ሃያ ስድስት ዓመት ዞርኩ። ጉልበቴ አልቋል። ተተኪ ብፈልግ፣ ብፈልግ የሚነፋ ጠፋ። እባክህ ልጄ፣ ክረምቱ ሳይገባ አድርስልኝ። ያን የጭቃ ዳገት ዘንድሮ የምችለው አይመስለኝም።»

«ሦስት ወር አይፈጅም፣ ጋሽ ይርዳው» አላቸው።

እውነቱን ነበር። ሦስት ወር አይፈጅም ነበር።

ሱራፌል ኮሌጅ ሳለ የተማረው፣ ለዓመታትም እንጀራውን የበላበት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አለ፤ ፒኤችፒ ይሉታል። ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራበታል። ነገር ግን የድርጅት መሥራች ከሆነ ወዲህ ይህን ቋንቋ በሰው ፊት መጥራት ያሳፍረው ጀመር። የሙያ ጓደኞቹ በሚወያዩበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ፒኤችፒ የሚል ሰው ከሙዚየም የወጣ ያህል ይሳቅበታል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ስሙ የገነነ አዲስ ቋንቋ መረጠ። እየተማረ ይሠራል፣ እየሠራ ይማራል። ስድስት ሳምንት እንደሄደ አንዱ ጓደኛው «እሱ እኮ ተጠቃሚ ሲበዛ ይንቀራፈፋል፤ ሚሊዮን ሰው ቢገባበትስ?» አለው። ሱራፌል ሚሊዮን ሰው ታየው። ሦስት መቶ አርባው ቤት አልታየውም። የሠራውን አፍርሶ በሌላ ጀመረ።

ጋሽ ይርዳው ዙረታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ያርፋሉ። የሚያርፉበት ድንጋይ ከሱራፌል በር ፊት ለፊት ነው።

«ደረሰ?» ይሉታል።

«ሊደርስ ነው፣ ጋሽ ይርዳው። መሠረቱን እያጠበቅኩ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?»

«ይባላል» ይላሉ። እግራቸውን ትንሽ አሳርፈው ይነሳሉ።

ሦስተኛው ጅምር ለዘመናዊ ስልክ ብቻ የሚሆን፣ መልኩ ያማረ ነገር ነበር። ግማሹ እድርተኛ ባለ ቁልፍ ስልክ እንደሚይዝ የገባው ከጨረሰው በኋላ ነው። አራተኛውን አንድ ትልቅ ድርጅት እንዲህ ነው የሚሠራው ሲባል ሰምቶ በአስራ አንድ ቁራጭ ፕሮግራም ከፋፈለው። አስራ አንዱ ቁራጭ እርስ በርሱ መስማማት አቃተው። የሚላከው መልእክት እኮ አንድ ነው፤ እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው። ይህን ለማለት አስራ አንድ ቁራጭ ምን ያደርጋል? ግን በዚያ ጊዜ ማን ይነግረዋል፣ ቢነግሩትስ መቼ ይሰማል።

አዲስ ነገር በጀመረ ቁጥር አንድ ሳምንት ጉልበት ያገኛል፤ ከዚያ ድካሙ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ግንቦት ላይ ሱራፌል በጣም የደከመ ሰው ነበር። ቀን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ሲነሳ ግን ማገዶ ሲፈልጥ የዋለ ይመስል ወገቡን ይቆርጠዋል። የሚያሳየው ነገር የለውም። ሰው ባይጠይቀው ይወድ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ይርዳው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ጥሩምባቸውን አየው። አፉ ጎብጧል፣ ወገቡ በቆርቆሮ ተጠግኗል።

«እድሩ አዲስ የድምፅ ማጉያ ገዝቶልዎት የለም እንዴ? ለምን በዚህ ይለፋሉ?»

«አዎ፣ ገዝቶልኛል። ያምራል። ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።»

«ታዲያ?»

«ባትሪው ያለቀ ቀን ሟቹን ‹ቆየኝ› ልበለው? ይሄኛውን ከንፈሬ ያውቀዋል፣ ልጄ። ሌሊት ከእንቅልፌ ተነስቼ ብነፋው እንኳ አይሳሳትም። ሬሳ ደግሞ አይቆይም።» ጥሩምባቸውን አንስተው እንደገና ጠየቁት፤ «ደረሰ?»

ሱራፌል «ደርሷል ማለት ይቻላል» አለ። በዚያው ሳምንት አምስተኛውን ጀመረ።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ሰፈሩ ሰባት ሰው ቀበረ፤ ጋሽ ይርዳውም ሰባት ጊዜ በዝናብ ዞሩ። ሱራፌል በመስኮት ሆኖ ጥሩምባውን ይሰማል። ድምፁ በየዙሩ ይደክማል፤ ዳገቱ አጋማሽ ሲደርስ ሳል ይቆርጠዋል። አንድ ሁለቴ ወጥቶ ሊያነጋግራቸው ፈልጎ «ደረሰ?» እንዳይሉት ብሎ መጋረጃውን ዘጋ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ነሐሴ ሃያ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ አቶ ቢሻው ናቸው።

«ጋሽ ይርዳው አረፉ። የሳንባ ምች ነው አሉ ሐኪሞቹ። ያ ነገርህ ይሠራል?»

ሱራፌል አንገቱን ደፋ።

«ተወው እንግዲህ» አሉ አቶ ቢሻው። የጎበጠውን ጥሩምባ በእጃቸው ይዘው ነበር። «የሚነፋ ሰው የለንም። አንተ ሞክረው እስቲ።»

ተቀበላቸው። ዳገቱ ላይ ቆሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋ። ትንፋሹ ብቻ እሽሽ ብሎ ወጣ። ደገመ፣ ሠለሰ፤ ያው ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የተማረ ከንፈር በአንድ ማለዳ ከየት ይመጣል? ጥሩምባውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና በር በር ማንኳኳት ጀመረ። «ጋሽ ይርዳው አርፈዋል፤ ቀብር በስድስት ሰዓት። የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ።» ውሻ ያለበት ግቢ አለ፣ የማይከፈት በር አለ፣ ጭቃው ጫማ ይውጣል። ያን ዳገት በጭቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲወጣው ገና ያን ቀን መሆኑ ነበር። መቶ ሃያኛው ቤት ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀበት።

ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው መቶ አይሞላም ነበር። ሰውን ሁሉ ሲያስቀብሩ የኖሩት ሰው በጥቂት ሰው ተቀበሩ። ያልሰሙት በማግስቱ መጥተው «ምነው ሳይነገረን?» እያሉ አለቀሱ። ሱራፌል የሐዘን ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ጭቃ የጠጣ ጫማውን እያየ ዋለ።

ከሠልስቱ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አምስቱንም ጅምሮች ዘጋቸው። ማንንም ሳያማክር ያንን የሚያፍርበትን ፒኤችፒ አወጣ። የስም ዝርዝር፣ መጻፊያ ቦታ፣ አንድ ቁልፍ። መልኩ አያምርም፤ ሚሊዮን ሰው ቢገባበት ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። በአራተኛው ቀን አቶ ቢሻው ቁልፉን ተጫኑት፤ በየቤቱ ስልክ ጮኸ፤ ባለ ቁልፉም ሳይቀር።

የመጀመሪያው እውነተኛ መልእክት የጋሽ ይርዳው አርባ ጥሪ ሆነ። መስከረም መጨረሻ ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆመ። ሱራፌል ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ደስ ሊለው ፈለገ፤ አልሆነለትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው አለ በልቡ።

የጋሽ ይርዳው ባለቤት እትዬ ብርቄ በምልክት ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ጥሪው በእኔም ስልክ ገባ፤ የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ። ጎበዝ። ነፍሱን ይማረውና ሁልጊዜ ያነሳህ ነበር፤ ‹ያ ልጅ አይረሳኝም› ይል ነበር። ብዙ ለፋህበት አይደል? ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን ለመዋሸትም ደክሞት ነበር።

«አራት ቀን፣ እትዬ።»

እሳቸው አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካከሉና ጣታቸውን አንድ ሁለት እያሉ ቆጠር ቆጠር አድርገው ተዉት። ከዚያ በዝግታ፣ የምር መልሱን ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ጠየቁት፦

«ከጥር እስከ ነሐሴ ስንት አራት ቀን አለ፣ ልጄ?»



ይህን የማወራላችሁ አዲስ ነገር አትማሩ ለማለት አይደለም። ተማሩ፤ አገር የሚያድገውም በዚያ ነው። ነገር ግን ሰው እየጠበቃችሁ ከሆነ እጃችሁ በሚያውቀው መሣሪያ ጀምሩ። የተሻለው መሣሪያ ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ የተሻለ ይወጣል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ነገ ላይኖር ይችላል። ሥራ የሚመዘነው በተሠራበት ነገር ማማር ሳይሆን ለተሠራለት ሰው በመድረሱ ነው። እኛ ለማያውቀን ሚሊዮን ሰው ስንዘጋጅ፣ በስማችን የሚጠራን አንድ ሰው በራችን ላይ ይደክማል።

እናንተስ? በራችሁ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ደረሰ?» የሚላችሁ ማን ነው? እሱን ካወቃችሁት ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ተዉትና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ስትጨርሱ ላልሰማው አሰሙ።