ሁለት ፍሬ እሸት

አንድ ወንዝና ወንዙ የሚያጠጣቸው መቶ አርባ ማሳዎች ውኃውን በተራ በሚያከፋፍል በአንድ የውኃ ዳኛ ምርጫ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

ቀድሞ የዚያ አገር ሰው ዳኛውን የሚመርጠው በአደባባይ ከሚደግፈው ሰው ኋላ በመሰለፍ ነበር። አስካለ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ አምና ፊታውራሪ ድልነሳውን ትታ ከአቶ ውብነህ ኋላ ተሰለፈች። ፊታውራሪ አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ውኃው ማሳዋን እየዘለለ አለፈ፤ ሽንኩርቷም በቁሙ ደረቀ።

ይህን የሰማው ንጉሥ አዲስ ሥርዓት ላከ። መልእክተኛው ድንኳን ተከለ፣ ውስጡ ጋን አኖረና አስረዳ፦ "ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ፍሬ እሸት ባቄላ፣ አንድ ፍሬ እሸት ሽምብራ ይሰጣል። ባቄላው ለፊታውራሪ፣ ሽምብራው ለአቶ ውብነህ ነው። የመረጣችሁትን ጋኑ ውስጥ ጣሉ፤ ማንም አያያችሁም።"

የምትተርፈው ፍሬ ምን እንደምትሆን ግን አልተናገረም።

ፊታውራሪ ይህን ልብ አሉ። መውጫው ላይ ቆመው የሚወጣውን ሁሉ ሰላም ይሉ ጀመር። በዚያ አገር ትልቅ ሰው ሰላም የሚባለው በሁለት እጅ ነው፤ አንዱን መደበቅ ነውር ነው። ከአስካለ ፊት የነበረው ዱባለ እጆቹን ሲዘረጋ፣ ፊታውራሪ መዳፉን ዳብሰው የተረፈችውን ባቄላ አገኟት።

"አይ ዱባለ! ያንተ ማሳ ጥም ይችላል መሰለኝ" አሉት እየሳቁ።

አስካለ ገባች። ሽምብራዋን ጋኑ ውስጥ ጣለች፤ ባቄላዋ መዳፏ ላይ ቀረች። መሬት ብትጥላት ያነሷታል። ነጠላዋ ጫፍ ብትቋጥራት "ፍሬሽ የታለች?" ይሏታል።

ስትወጣ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። ባዶ ናቸው። አፏ ግን ያላምጣል።

"አንቺ ሴት! የቱን ነው የበላሽው?"

"እሸት ነዋ ጌታዬ! በእሸት ወራት ፍሬ ጨብጦ የሚዞር ሰው አይተው ያውቃሉ?"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላዋ የነበሩትም አንድ በአንድ እያላመጡ ወጡ። ፊታውራሪ ባዶ መዳፍ ሲዳብሱ ዋሉ።

ማታ ጋኑ ተቆጠረ፤ ሽምብራው ዘጠና ስምንት፣ ባቄላው አርባ ሁለት ሆነ።

ወዳጄ፣ አዲስ ሥርዓት ሲመጣልህ ጋኑ መከደኑን ብቻ አትይ፤ መውጫው ላይ የቆመውንም እይ። ፍርሃት በፊተኛው በር ተባርሮ በኋለኛው ይመለሳልና። በአንተስ መንደር መውጫው ላይ ማን ቆሟል?

ሒሳቡ ይኸው፦ የጠፋው አንድ ቁና የማይሞላ እሸት፣ የተገኘው አንድ ወንዝ።