ነጭ እባብ ያረባው ሰው

ወይዘሮ አትጠገብ የኔታ ልሳነወርቅ ዘንድ የመጣችው ልቧ ተጨንቆ ነው። ልጇን አንድ ወጣት ለትዳር ጠይቋታል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ልጅቷም ትወደዋለች። እናቱ ግን ሸክላ ሠሪ ናት። የወይዘሮ አትጠገብ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «አጥንታችንን ከሸክላ ሠሪ ጋር የምትቀላቅይ ከሆነ ሁለተኛ ደጅሽን አንረግጥም» ብለዋት ወጡ።

«የኔታ፣ ምን ይሻለኛል?» አለች። «ልጄን ልከልክላት ወይስ ወንድሞቼን ልጣ?»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

እባብ የሚያረባ ሰው ነበረ። አገሩ ቆላ ነው፤ አይጥ የበዛበት፣ እህል ጎተራ ውስጥ ሰንብቶ የማይገኝበት። የሰውየው እባቦች መርዝ የሌላቸው፣ አፈር የመሰሉ ቡናማዎች ነበሩ። እህል ያለው ሁሉ ከእሱ አንድ እባብ ወስዶ ጎተራው ሥር ይለቃል፤ አይጡም ያልቃል። ሰውየው እንደ አባቱ ክዳን ባለው ቅርጫት እያኖራቸው፣ እንቁላላቸውን ሞቅ ያለ አሸዋ ውስጥ እየቀበረ፣ ሌላው ዶሮ እንደሚያረባ እሱ እባብ እያረባ ይኖር ነበር።

አንድ ዓመት ከተፈለፈሉት መካከል አንዱ ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጭ ስልሽ ዝም ብሎ ነጭ አይደለም፤ አሁን የታለበ ወተት ነው። ዓይኑ የሮማን ፍሬ ይመስላል። ወሬው ተሰማና አገሩ ሁሉ ለማየት ጎረፈ። እባብ ሲያዩ ይጮኹ የነበሩ ሴቶች እንኳ ጠጋ ብለው «አቤት ውበት!» አሉ። የከተማው ባለጸጋም መጥቶ አየና «ከዚህ ዘር ለእንግዳ መቀበያዬ አርባልኝ» አለው። ሰውየው እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ሰው ደጁን ረግጦለት አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ልቡ ነጩ ላይ ቀረ። ሲያድግ ከእናቱ ጋር አገናኘው። ከተወለዱት ነጭ ነጩን መርጦ አስቀረ፤ እህትን ከወንድም፣ ልጅን ከአባት አዋለደ። ቡናማዎቹን ለሚፈልግም ለማይፈልግም ሰጥቶ ጨረሰ። ነጮቹ በየትውልዱ እየነጡ፣ ቆዳቸው እንደ ሐር እየለሰለሰ ሄደ። ባለጸጋው ወሰደ፤ የባለጸጋው ወዳጆችም ወሰዱ።

ሚስቱ ግን አንድ ቀን ቅርጫቶቹን ስትጠርግ ቆየችና «አንተ ሰው» አለችው፣ «እነዚህ ሲታዩ ነው እንጂ ሲበሉ አይቼ አላውቅም።»

እሱም አይቷል። አይቶ ዝም ብሎ ነው። ነጮቹ አይጥ ሲቀርብላቸው አንገታቸው ይንቀጠቀጣል። ሊይዙ ሲወረወሩ አፋቸው ከአይጡ ጎን አፈር ላይ ያርፋል። እንደገና ይሞክራሉ፤ እንደገና ይስታሉ። አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸው ተጠምዝዞ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ይቀራሉ። ሰውየው ሰው እንዳያይበት በሩን ዘግቶ፣ አፋቸውን በለሰለሰ እንጨት ከፍቶ ሥጋ ያጎርሳቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን የሚከፍተው ዛሬ ደግሞ የትኛው ሞቶ ይሆን እያለ ነው። ለሚመጣው እንግዳ ግን እየሳቀ ያሳያል። እንቁላሎቹም መድረቅ ጀመሩ። በመጨረሻ አንዲት ነጭ እንስት እባብ ብቻ ቀረችው። እሷንም እያጎረሰ ነው የሚያኖራት።

የአገሩ ጎተራ ደግሞ እንደ ድሮው በአይጥ ተወረረ። የቀድሞዎቹ ቡናማዎች አርጅተው አልቀዋል፤ ሰው ሊወስድ ቢመጣ የሚሰጠው የለውም።

አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ሳለ ከአጥሩ ድንጋይ መካከል እንደ ድሮዎቹ ያለ አንድ ቡናማ እባብ ወጣ። የማንም ያልሆነ፣ ማንም ያላረባው። አይጥ አየ፤ አንገቱን ቀጥ አደረገ፤ ያዘ። ሰውየው ይህን ሲያይ ተነሥቶ ጠጋ አለ። ሊይዘው እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ባለጸጋው «ነጩን ዘር ከአጥር ሥር እባብ ጋር ያዋረድከው ቀን በደጄ እንዳትታይ» ብሎታል። ጎረቤቶቹም «ከቀላቀልከው ነጩ ጠፋ፣ ስምህም ጠፋ» ይሉታል። ቤት ገባ፤ ነጯ ቅርጫቷ ውስጥ አንገቷን እያንቀጠቀጠች ባዶ አየር ስትነክስ አገኛት። ያን ጊዜ ወጣና ቡናማውን ይዞ፣ ክዳኑን ከፍቶ እሷ ዘንድ አስገባው።

እንቁላል ጣለች። እሱም እንቅልፍ አጥቶ ጠበቀ። ሲፈለፈሉ ግን ሁሉም ቡናማ ሆኑ፤ አንድ ነጭ የለበትም። ሰውየው በልቡ «እውነትም አጠፋሁት» አለ። እንዲያው ተስፋ ሳይኖረው አንዲት ግልገል አይጥ አንሥቶ ከአንዱ ትንሽ እባብ ፊት አኖረ። ዓይኑን አንገቱ ላይ ተክሎ ጠበቀ። አንገቱ አልተንቀጠቀጠም። ተወረወረ፣ ያዘ፣ ተጠመጠመ፣ ዋጠ።

«ነይ እዪ!» ብሎ ጮኸ። «በላ! ብቻውን በላ!»

ሚስቱ እጇን እያበሰች ሮጣ መጣች። «ውይ፣ አንተን የነደፈህ መስሎኝ!» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለተኛውም በላ። ሦስተኛውም በላ። ሰውየው መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። ያን ሁሉ ዘመን ደረቱ ላይ ምን ያህል ድንጋይ ተሸክሞ እንደኖረ ያወቀው ሲወርድለት ነው። እዚያው በቀትር እንደ ሕፃን ተኛ።

ባለጸጋው እንዳለውም ደጁን ዘጋበት። ሰዉ ግን እባብ ሊወስድ ተመለሰ፤ ጎተራዎቹም አረፉ። ነጯንም እስክትሞት ድረስ አጎረሳት፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና።

ከዓመታት በኋላ ከነዚያ ቡናማዎች ልጆች መካከል አንድ ነጭ ተፈለፈለ። ሚስቱ ቀድማ አይታው «ነጭ ወጣልህ!» ብላ ተጣራች። ሰውየው ከሥራው ቀና ሳይል «በላ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። በልቶ ነበር።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ዞሩ። እሷም ፈገግ እያለች «የኔታ፣ ልጄን ከእባብ ጋር አስተካከሏት?» አለች።

«ልጅሽንስ አላስተካከልኩም። ቅርጫቱን ነው ከወንድሞችሽ አጥንት ቆጠራ ጋር ያስተካከልኩት» አሏት። «ክዳኑን ዘግታችሁ ስንት ዘመን ስም ስትመርጡ ኖራችሁ። እህትሽን ለስመ ጥር ቤት ሰጥታችሁ እንዴት አንገቷን ደፍታ እንደምትኖር አንቺም እኔም እናውቃለን፤ እንግዳ ሲመጣ ግን እሷን እየሳቃችሁ ታሳያላችሁ። ያንን ቡናማ ተራ ነው ያለው ሰው ነው፤ እግዚአብሔር ተራ አድርጎ አልፈጠረውም። የሸክላ ሠሪዋንም ልጅ ዝቅ ያደረገው የሰው አፍ ነው። አጥንቱን ተዪው። ልጅሽ በዚያ ቤት ቀና ብላ ትኖራለች ወይ? እሱን ጠይቂ።»

ወይዘሮ አትጠገብ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ትኖራለች» አለች። «ትኖራለች የኔታ። እኔኮ አውቀው ነበር።» ወዲያው ብድግ ብላ «እንግዲያው ጾም ሳይገባ ልደግስ። እርስዎም ይመጣሉ፤ የክብር ቦታ አዘጋጅልዎታለሁ» አለች።

«እመጣለሁ» አሉ የኔታ። «ቦታዬን ግን ከልጁ እናት ጎን አድርጊልኝ፤ ከአንድ መሶብ እንድንበላ።»